ጉድጓዱ ክረምት ላይ ለምን ይሞላል? እና ሌሎች የውሃና የፍሳሽ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትም «ስለ ውሃና ፍሳሽ ጥያቄ ያለው ይጻፍልን» ብለን ነበር። ጉድ ፈላ! የመጣው መልዕክት ለሦስት እትም ይበቃል። አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ወደ ቤቱ ስለሚገባው ውሃ ነው። ስለሚወጣው የጠየቀው ጥቂት ነው፤ እሱም ግቢው መሽተት ከጀመረ በኋላ። ስለዚህ ዛሬ ሆን ብዬ ከሚወጣው እጀምራለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልያለሁ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቡን ደግሞ ቆርጬ ጥያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎሮ አካባቢ ነው። የሽንት ቤታችን ጉድጓድ በበጋ ምንም አይልም። ሐምሌ ሲገባ ግን ይሞላል። ዘንድሮ መጣጭ መኪና አስመጥቼ አስመጠጥኩት፤ ወር ሳይሞላው እንደገና እስከ አፉ ደረሰ። ባለቤቴ «ግንበኛው ሸውዶናል» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ «ቱቦ ቀጥልና ማታ ማታ ወደ ዲች ልቀቀው፣ ሁሉም የሚያደርገው እንደዛ ነው» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (አባወራ፣ ከጎሮ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጎረቤትህ ልጀምር። አትስማው። ዲቹ የተሠራው ለዝናብ ውሃ ነው፣ መጨረሻውም ወንዝ ነው። በመሀል ደግሞ ልጆች የሚዘሉት፣ በጎርፍ ጊዜ ሞልቶ ሰው ቤት የሚገባው እሱው ነው። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቶ እንዴት እንደተረበሽን ታስታውሳለህ። እንዲህ ያለው በሽታ የሚፈልገው መንገድ ይኸው ነው፤ ከአንዱ ሽንት ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው መጠጥ ውሃ የሚገባበት።

ወደ ጉድጓድህ እንምጣ። ግንበኛውን ገና አትክሰሰው። መጀመሪያ ጉድጓዱ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቅ። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ክፍል አለው። ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፣ ስቡና ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ላይ ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ታንኩ ሁልጊዜ ውሃ ይኖረዋል፤ ሙሉ ሆኖ መታየቱ በራሱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ማስረጊያው መጠጣት ሲያቆም ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው ግን ሴፕቲክ ታንክ አይደለም፤ ዙሪያው በድንጋይ የተካበ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው ሴፕቲክ።

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው። የከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ብዙ ቦታው ዋልካ ነው። ይህን አፈር ታውቀዋለህ፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁ ሁሉ ይዘጋል። በጋ ላይ ጉድጓድህ «ምንም አይልም» ያልከው በዚያ ስንጥቅ ውሃው ስለሚሄድ ነው። ሐምሌ ላይ መውጫ የለውም። አስላው እስቲ፦ አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም በወር 9,000 ሊትር ይሆናል። ከሚገባው ውሃ 80 በመቶው ያህል ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ነው የሚሰላው፤ 7,200 ሊትር ማለት ነው። ምንም የማያሰርግ 10 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በዚህ ስሌት ስድስት ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው። ያንተ ከዚያም ቀድሞ ሞልቷል። ስለዚህ ከቤት ያልወጣ ሌላ ውሃ እየገባ ነው።

ያ ውሃ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ከጣሪያህ ነው። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ የት እንደሚሄድ ተከትለህ እይ። ብዙ ሰው ሳያውቀው (አንዳንዱም እያወቀው) ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ተገናኝቶ ታገኘዋለህ። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ በአንድ ከሰዓት 3,000 ሊትር ጉድጓድህ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የትኛው ጉድጓድ ይችለዋል! ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ክረምት ላይ ከፍ ይልና በግድግዳው ሾልኮ ይገባል። ይህን ለማወቅ በሚቀጥለው ጊዜ ስታስመጥጥ ማታ ላይ አስመጥጥና እስከ ጠዋት ማንም ውሃ እንዳይለቅ አድርግ። ጠዋት ከፍ ብሎ ካገኘኸው፣ ውሃው የቤትህ አይደለም፣ የምድሩ ነው።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። አሸንዳውን ለይ። የጉድጓዱን አፍ ከግቢው ወለል ከፍ አድርገህ አሠራው፣ ጎርፍ እንዳይገባ። ዙሪያውን ውሃ ማስቀየሻ ቦይ አውጣ። ዋናውን ማስመጠጥ በበጋ አድርገው፣ ግንቦት ላይ ለምሳሌ፤ ክረምት ላይ ካስመጠጥክም ጨርሶ ባዶ አታድርገው፣ ውጪ ያለው ውሃ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። በረኪናና ነጭ ጋዝ አትድፋበት፤ ቆሻሻውን የሚበሉትን ረቂቅ ተህዋሲያን ትገድላቸዋለህ። የመኪናውን ሹፌር ደግሞ የት እንደሚደፋው ጠይቀው። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የቀነሰ መኪና ካገኘህ ጠርጥር፤ እስከ ማራገፊያው የሚነዳው ነዳጅ ከሌለው ቅርብ ያለው ወንዝ ነው።

አንድ ነገር በቁጣ ልናገር። ጉድጓድ ውስጥ ሰው አታስገባ። የቀን ሠራተኛ ቢለምንህም አታስገባ። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰውን በደቂቃ ይጥለዋል፤ ሽታው እንኳ ጥቂት ቆይቶ አይሰማህም፣ ስለዚህ «ሽታው ቀነሰ» ብለህ አትታለል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንድ ሰው አይደለም፤ የመጀመሪያውን ለማውጣት የገባው ሁለተኛውም ይሞታል።

ጥያቄ፦ የኔ ጥያቄ አጭር ነው። የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም ያዋጣል ወይስ ልፋት ብቻ ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ያዋጣል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም። አዲስ አበባና አካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። 100 ካሬ ጣሪያ ካለህና አምስተኛው ባክኖ ቢቀር እንኳ ከ80,000 ሊትር በላይ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሆን ከ4,000 በላይ። ችግሩ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ አንተ ደግሞ ውሃ የሚጠፋብህ መጋቢት ላይ ይሆናል። ለዚያ የሚበቃ ገንዳ ርካሽ አይደለም። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልት ግን አንድ ሮቶ አሸንዳ ሥር ብታስቀምጥ ክረምቱን በሙሉ የቧንቧውን ውሃ ለመጠጥ ታቆያለህ። የመጀመሪያውን ዝናብ አታጠራቅም፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚወርደው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ሲመጣ መጀመሪያ ቡናማ ነው፣ አንዳንዴም ይሸታል። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቱ ሄደን «ትንሽ ሲፈስ ይጠራል» ብለው መለሱን። ለሕፃን ልጄ የታሸገ ውሃ እየገዛሁ ከሰርኩ። ባለቤቴ ደግሞ ከቆጣሪው ቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ገዝቶ መጣ። ሲስብ ውሃው ይበልጥ ይደፈርሳል። ለምንድን ነው? (እናት፣ ከአየር ጤና)

መልስ፦ እህቴ፣ ቡናማውና ሽታው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለያይተሽ እዪው።

ቡናማው አብዛኛውን ጊዜ ዝገትና ደለል ነው። መስመሩ ሲቆም ውስጡ ያለው ደለል ይተኛል፤ ውሃው በድንገት በኃይል ሲለቀቅ ጠርጎት ይመጣል። መልኩ ያስጠላል እንጂ ጥቂት ደቂቃ ሲፈስ ይጠራል፣ በዚህ የነገሩሽ ልክ ናቸው። ያንን ውሃ አትድፊው፤ በባልዲ ያዢና ለሽንት ቤት አድርጊው።

ሽታው ግን ሌላ ነው። ቱቦ ውስጥ ግፊት ሲኖር ውሃው በስንጥቁ ወደ ውጪ ይወጣል። ግፊቱ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዙሪያው ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን ወጣ በይና የሰፈራችሁን ዲች እዪ። ስንት ሰማያዊና ጥቁር የውሃ ቱቦ በዲቹ ውስጥ ለውስጥ ተዘርግቷል? አንዱ በላስቲክ የታሰረ፣ አንዱ በድንጋይ የተደገፈ ታያለሽ። ፈረቃ ሲሆን ያ ቱቦ ለቀናት ባዶውን በፍሳሽ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የፈረቃ ጉዳቱ የውሃ ማነስ ብቻ አይደለም። ማጣሪያ ጣቢያው ላይ ንጹሕ ሆኖ የወጣውን ውሃ መንገድ ላይ ያበላሸዋል።

ፓምፑስ? ባልሽ እንዳይቀየመኝ እንጂ ያ ፓምፕ የባሰውን ነው ያመጣው። ከመስመሩ ቀጥታ ሲስብ ቱቦው ውስጥ ግፊቱን ከዜሮ በታች ያወርደዋል፣ በየስንጥቁ ያለውን ጭቃ ይጎትታል። ከጎረቤት ድርሻም ይሻማል። ፓምፕ ካስፈለጋችሁ ውሃው በራሱ ኃይል የሚሞላው ሮቶ መሬት ላይ አድርጉና ከእሱ ወደ ላይኛው ሮቶ ግፉት። ያ ማንንም አይጎዳም።

ለሕፃኑ የሚሆነውን በተመለከተ፦ ውሃውን አስተኚው፣ በንጹሕ ነጭ ነጠላ አጥልይው፣ ከዚያ አፍይው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፣ 92 አካባቢ። ስለዚህ መንቀልቀል ሲጀምር ወዲያው አታውርጂው፤ ሦስት ደቂቃ ይንቀልቀል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ውሃ አጋር» ወይም «ቢሻን ጋሪ» የሚባል የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ቤት ይገኛል፣ ማሸጊያው ላይ ባለው መመሪያ ልክ ተጠቀሚ። ክሎሪን ብቻውን ያለው እንደ ውሃ አጋር ዓይነቱ በድፍርስ ውሃ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ማጥለሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ሮቶውንስ መቼ ነው ያጠባችሁት? መውጫው ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ጭቃው ሁልጊዜ ታች ይቀራል። በዓመት ሁለቴ ካልታጠበ የምትጠጡት ከጭቃ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪው ፉጨት እያሰማ ይዞራል። አየር እየከፈልን ነው? ቢሉም እየጨመረ ነው። (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ባዶ ቱቦ ሲሞላ ፊቱ ያለው አየር ይገፋና ቆጣሪውን ያዞረዋል። ውሃ በሚመለስበት ሰዓት የቆጣሪውን በር ትንሽ ብቻ ከፍቶ ቆይቶ መክፈት ይረዳል። ግን ቢልህ በአየር ብቻ በጣም አይጨምርም። ቤትህ ውስጥ የሚያፈስ ነገር እንዳለ እይ። ሁሉንም ቧንቧ ዝጋና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ምልክት ተመልከት፤ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ታንከር ነው። ቀይ ሥር ቀቅለህ ውሃውን ታንከሩ ውስጥ ጨምርና ሳትለቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ካየህ ተገኘ። በየሰከንዱ የሚንጠባጠብ ቧንቧም ቢሆን በቀን 20 ሊትር ገደማ ይወስዳል፣ አንድ ጀሪካን!

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው ቤቴ። ከላይ አራት ፎቅ አለ። በዓል በመጣ ቁጥር ፍሳሹ በኔ ሽንት ቤት ገንፍሎ ሳሎን ይደርሳል። ኮሚቴው «የራስሽ ችግር ነው፣ ራስሽ አስጠግኚ» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአራት ፎቅ ሰው በእኔ ላይ! (ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ችግር አይደለም። አንድ ቱቦ ነው ለሁሉም የሚወርደው። ታች ሲደፈን ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ቀዳዳ ያንቺ ስለሆነ ብቻ ነው። ኮሚቴው የጋራ መስመር የጋራ ንብረት መሆኑን ያውቃል፤ ለበር ቀለምና ለጥበቃ መዋጮ ሲጠይቅ «የጋራ ነው» ይል የለ?

«በዓል በመጣ ቁጥር» ያልሽው ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። በዓል ላይ ምን ይደፋል? የቅቤ ድስት ይታጠባል። የዶሮው ላባ፣ የበጉ አንጀት እጣቢ፣ የጠላ አተላ፣ የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢ ሁሉ በሲንክና በሽንት ቤት ይሄዳል። ቅቤው ሙቅ ሆኖ ይገባና ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ አተላው ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በላዩ ዳይፐርና ሞዴስ ሲመጣ ተዘጋ። እርጥብ መጥረጊያም ማሸጊያው ምንም ቢል አይሟሟም።

ማድረግ የምትችይው፦ ከሕንፃው ውጪ ያለውን የመጀመሪያውን ማንሆል አስከፍቺ። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ መዘጋቱ ከሱ ወዲያ ነው፣ የውሃና ፍሳሹ መሥሪያ ቤት መጥቶ ሊገፋው ይገባል። ባዶ ከሆነ መዘጋቱ ሕንፃው ውስጥ ነው፣ የነዋሪው ሥራ ነው። ይህን በፎቶ ይዘሽ ወደ ኮሚቴው ሂጂ፤ ጭቅጭቁ ግማሹ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። በራስሽ መስመር ላይ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማስገጠም ይቻላል። ከላይ ላሉት ጎረቤቶችሽም አንድ ማስታወቂያ ለጥፊ፦ የድስቱን ቅባት በወረቀት ጥረጉ፣ አተላውን በፌስታል ጣሉ። ካልሰሙ ለፋሲካ ቤትሽ ቡና ጥሪያቸው፤ ሽታው ያስተምራቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጎመንና ቆስጣ ከአቃቂ በኩል ነው የምገዛው፣ ርካሽ ነው። የልጅ ልጄ ግን «እማማ መርዝ ነው» ይለኛል። በሎሚና በጨው አጥቤው ምን ይሆናል? (እናት፣ ከቃሊቲ)

መልስ፦ እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን ሰንጥቀው ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዳቸው የሽንት ቤቱን፣ የጋራዡን ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካል ይቀበላሉ። በዚያ ውሃ የሚለማው አትክልት ላይ ሁለት ነገር ሊኖር ይችላል። አንዱ የትላትል እንቁላልና ተህዋሲያን ነው። እሱን ደጋግሞ ማጠብ ይቀንሰዋል፣ በደንብ መቀቀል ይገድለዋል፤ ጎመኑ ተቀቅሎ ሲበላ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ጥሬ ሰላጣ ግን ከዚያ ባይሆን ይሻላል። ሁለተኛው እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ናቸው። እነዚህ ቅጠሉ ላይ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም፣ ሥሩ ስቧቸው ቅጠሉ ውስጥ ገብተዋል። ሎሚም ጨውም እሳትም አያወጣቸውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ አብዝቶ ይይዛቸዋል።

አንድ ቀን በልተው የሚሆኑት ነገር የለም፤ ጉዳቱ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። ለዚህ ነው ለልጆች የምሠጋው። ቅጠሉን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ይግዙ፣ ሻጩን ከየት እንደሆነ ይጠይቁት። ገበሬውን ግን አይርገሙት እማማ። እሱ ከወንዙ ዳር ያለው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነው፤ መርዙን የላክንለት እኛ ከላይ ያለነው ነን።

ጥያቄ፦ መንግሥት ለምን ሌላ ግድብ አይሠራም? ሕዝቡ በዛ፣ ውሃ አነሰ፣ ግድብ መጨመር ነው። ይህን ያህል ያከብዳል? (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በየመልዕክቱ ስለመጣ ዘርዘር ላድርገው።

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ገፈርሳ አንጋፋው ነው። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ፣ ድሬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ። ግድቦቹ ሁሉም ከከተማዋ ውጪ ናቸው። እዚያ ያለው ገበሬ መሬቱን ሰጥቶ፣ ውሃው በበሩ ስር ወደ ከተማ ሲያልፍ የሚያይ ነው፤ ሌላ ግድብ ስትል ሌላ ሰው ከቀዬው ማንሳት እንደሆነ አስብ።

ከሚመረተው ውሃ ደግሞ ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ገንዘብ ሳያስገባ ይቀራል። ከፊሉ በተሰነጠቀ ቱቦ ይፈሳል፣ ከፊሉ በሕገወጥ ቅጥያ ይሄዳል፣ ከፊሉን ያረጀ ቆጣሪ አይቆጥረውም። በቀዳዳ እንስራ መቅዳት ነው። ከግድብ በፊት ቱቦ መቀየር ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው። ግን ቱቦ መቀየር ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም፤ መንገድ ይቆፈራል፣ ትራፊክ ይዘጋል፣ ነዋሪው ይሳደባል፣ ሲያልቅም የሚታይ ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ካርታውን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ሲደርስ 2,100 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ለፍሳሽ ይህ ጥሩ ነው፣ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ዋናው የጉድጓድ ውሃችን የት እንዳለ እይ፤ አቃቂ፣ ከታች! በኤሌክትሪክ እየገፋን ሽቅብ እናወጣዋለን፣ ተጠቅመንበት ቆሻሻውን እዚያው አቅጣጫ ቁልቁል እንልከዋለን። ጉድጓዶቹ ጥልቅ በመሆናቸው ለጊዜው አፈሩና ዓለቱ ይከላከልልናል። በመሀል ከተማ ባሉ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ላይ ግን ናይትሬት የሚባል ጎጂ ኬሚካል በዝቶ መገኘቱ የታወቀ ነው፣ ምንጩም በአብዛኛው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ናይትሬትን ደግሞ ማፍላት አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይብሱኑ ይወፍራል።

ስለዚህ አዲስ ግድብ ማለት አዲስ ፍሳሽ ማለት ነው። መቶ ሊትር ካስገባህ ሰማንያው ይወጣል። የቃሊቲው አዲሱ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ነው የተሠራው፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላናንቀውም። ማጣሪያ ግን ብቻውን አይሠራም፣ ከየቤቱ እስከ እሱ የሚደርስ ቱቦ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ነው የቀረነው። መንገድ ሲሠራ፣ ኮሪደር ሲለማ፣ ወንዝ ዳር ሲዋብ የፍሳሽ መስመሩ አብሮ ካልተቀበረ፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ አስፋልት መቆፈራችን ነው። ሸገርን የማስዋብ ሥራ በ2011 ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይለማል ተብሎ ነበር። ደስ ይላል። ግን ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አፍንጫውን ይዞ ከሆነ ምኑን ለማ? መጀመሪያ ወደ ወንዙ የሚገባው ቱቦ ይቆጠር፣ ይዘጋ፣ ወደ መስመሩ ይግባ። ሣሩና አበባው ከዚያ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምጽፈው ከእስራኤል፣ ኔታንያ ነው። እዚህ የሽንት ቤት ውሃ ተጣርቶ እርሻ ያጠጣል። አገር ቤት ለዘመዶቼ ስነግራቸው «ወይ ጉድ፣ ከዚያ እርሻ የመጣ ልትበላ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አዲስ አበባ ላይ አይሆንም?

መልስ፦ ዘመዶችህ የሳቁት ያንኑ ውሃ ሳይጣራ የሚጠጣ ጎመን እየበሉ መሆኑን ስላላሰቡት ነው። ልዩነቱ እናንተ ጋ ማጣሪያ መኖሩ ነው። እስራኤል ከፍሳሿ 90 በመቶ የሚጠጋውን መልሳ ትጠቀምበታለች። የቴል አቪቭ አካባቢው ሻፍዳን በሚባለው ማጣሪያ ጣቢያ ተጣርቶ፣ በአሸዋ ውስጥ እንዲሰርግ ተደርጎ፣ ተመልሶ ተስቦ ወደ ነጌቭ በረሃ እርሻ ይሄዳል።

ለመጠጥ ራሱ የሚያደርጉትም አሉ። ሩቅ አትሂድ፣ አፍሪካ ውስጥ ነው። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ፍሳሽን አጣርታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመሯ ትጨምራለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ትልቁን አዲሱን ጣቢያ ከፈተች፣ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ የሚያወጣ። ዊንድሁክ በረሃ አጠገብ ናት፣ ምርጫ አልነበራትም። የተጣራውን ውሃ ከግድብና ከጉድጓድ ውሃ ጋር ትደባልቀዋለች። ከሁሉ በፊት ያደረገችው ነገር ግን የፋብሪካውን ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤቱ መለየት ነው። የሰው ቆሻሻን ተህዋሲያን ይበሉታል፣ ማጣሪያው ይይዘዋል፤ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ከተቀላቀለ ግን ተህዋሲያኑም ይሞታሉ፣ ዝቃጩም ለማዳበሪያ አይሆንም።

አዲስ አበባ ላይ ከመጠጥ መጀመር የለብንም። የምንተክለውን ሣርና አበባ በበጋ በምን እያጠጣን ነው? ብሎኬት የሚመረትበት፣ ኮንክሪት የሚቦካበት፣ መኪና የሚታጠብበት ውሃ ከየት ነው? ከፊሉ የሚጠጣ ውሃ ነው፤ አየር ጤና ያለችው እናት በሳምንት ሁለት ቀን የምትጠብቀው ዓይነት። ከቃሊቲ የሚወጣው የተጣራ ውሃ ለእነዚህ ቢውል አንድ ነገር ነው። ለዚያ ግን ሁለት ሥራ ይቀድማል። ፋብሪካዎቹ ግቢያቸው ውስጥ አጣርተው እንዲለቁ ማስገደድና የተጣራውን ውሃ መልሶ ሽቅብ የሚያመጣ የራሱ መስመር መዘርጋት፣ ከመጠጡ ጋር እንዳይምታታ ቀለሙ የተለየ።